ላስመዝግብ ወይስ ልተው? የአያቴ ምንሽርና የአሜሪካኖቹ 16 ኢንች

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። በአቦል የሚያልቅ አይደለም፤ ቶናን አልፎ እስከ በረካ ይወስዳችኋል። የጻፍኩት አንድ የሠራሁትን ስህተት ለማረም ነው። ስህተቱ የተሠራው ክፍል ውስጥ፣ በናንተው ፊት ስለሆነ እርማቱም በናንተው ፊት ይሁን ብዬ ነው። (ከአንዱ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ሳምንት ማታ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ ነው።

«ቲቸር፣ አስታወሱኝ?»

ድምፁን አላወቅኩትም። ስሙን ሲነግረኝ ግን ከነመቀመጫው ትዝ አለኝ። መስኮቱ ሥር፣ ሦስተኛው ዴስክ። ዲቪ ደርሶት ከሄደ ቆይቷል። አሁን ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ይኖራል፤ ከባድ መኪና ይነዳል። ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ አሉት። ግሪን ካርድ ይዟል፤ ዜግነት ለማመልከት ወረቀት እየሰበሰበ ነው።

የቤተሰቡን ጤና፣ የአገሩን ሁኔታ ጠያይቀን ስንጨርስ ትንሽ ዝም አለና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር። ሁለት ጠብመንጃ አለኝ» አለኝ።

ደንገጥ አልኩ። «ምን ልታደርግባቸው?»

ሳቀ። ቴክሳስ ውስጥ የዱር አሳማ እርሻ እያረሰ ገበሬውን አስመርሮታል አሉ። ባለ መሬቶቹ ራሳቸው ኑና አድኑልን ይላሉ። እሱም ከሥራ ጓደኞቹ ጋር መሄድ ለምዷል። «አትበላውም አይደል?» አልኩት። «ኧረ ቲቸር! መግደሉ ብቻ ነው!» አለኝ፤ ያው የእናቱ ልጅ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጠብመንጃዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ይይዛቸዋል። አፈሙዛቸውን (ጥይቱ የሚያልፍበትን ቱቦ ማለቴ ነው) በአጭር ሊቀይር ፈለገ። እዚያ አገር ደግሞ የጠብመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች ካነሰ «አጭር አፈሙዝ ጠብመንጃ» ይባልና ለፌደራል መንግሥት አመልክቶ፣ ፎቶና አሻራ ሰጥቶ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ሳያስመዘግቡ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ድሮ 200 ዶላር ያስከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ክፍያው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። ምዝገባው ግን እንዳለ ነው።

«ጓደኞቼ በሙሉ እያስመዘገቡ ነው» አለኝ። «እኔም ፎርሙን ከፈትኩት። ስሜን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለምን?»

«ምክንያቱማ እርስዎ ነዎት፤ የአያትዎ ምንሽር።»

አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ስለ መንግሥትና ስለ መዝገብ ሳስተምር የምነግራችሁ ታሪክ ነበር። አያቴ አንድ ምንሽር ነበረው፤ ከአባቱ የወረሰው። ሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል ነበረችው። «መሣሪያ ያለው ያስመዝግብ፤ ያስመዘገበ አይነካም» ተብሎ ሲለፈፍ አያቴ ከቀበሌው ሰው ሁሉ ቀድሞ ሄደ። ቁጥሩ ተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። ዓመታት አለፉ፤ ባለሥልጣኑም ተቀየረ። አንድ ቀን ጠዋት ሰዎች ዝርዝር ይዘው መጡ። ስሙን ጠሩ፤ ቁጥሩን አነበቡ፤ ምንሽሩን ተቀብለው ሄዱ። ወረቀቱን ሲያሳያቸው «እሱ የድሮ ነው» አሉት።

እኔም ታሪኩን እዚያ ላይ አቁሜ ጠመኔውን አስቀምጥና «እንግዲህ መዝገብ ማለት ይሄ ነው» እል ነበር። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ደስ ይለኝ እንደነበር አልዋሻችሁም።

ከ13 ዓመት በኋላ ያ ዓረፍተ ነገር ቴክሳስ ድረስ ሄዶ የአንድን ሰው እጅ ያዘ። ይባስ ብሎ ልጁ አጭሩን አፈሙዝ አስቀድሞ ገዝቶታል። ቅናሽ ነበር አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ከሁለቱ ጠብመንጃዎች ጎን ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። «አልገጠምኩትም» አለኝ። «ሳላስመዘግብ አንድ ቀን ለሙከራ ብገጥመውስ ማን ያየኛል እያልኩም አስባለሁ።»

እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዲፕሎማ መምህር ነኝ፤ ጠበቃ አይደለሁም። ታሪክ ማንበብ ግን ሥራዬ ነው። እርማቱን ገፍቼ ስለዚያ ሕግ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

16 ኢንች ከየት መጣ?

ጠዋት ክፍል ስገባ በሰሌዳው ማስመሪያ ለካሁት። 40 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። አንድ ክንድ አይሞላም። አንድ ሰው እዚያ መስመር ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ካጠረ ወንጀለኛ፣ ካልደረሰባት ሰላማዊ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ከሰማይ አይወርድም፤ የሆነ ቀን የሆኑ ሰዎች ተከራክረው ያመጡት ነው።

ሕጉ ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ይባላል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ሰኔ 26 ቀን 1934 ነው። ዘመኑን አስቡት። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ደግሞ ሽፍታውን አበለጸገው። የካቲት 14 ቀን 1929 ቺካጎ ውስጥ 7 ሰዎች ግድግዳ ላይ ተደርድረው ተረሸኑ፤ ከመሣሪያዎቹ መካከል ቶምሰን የሚባለው መትረየስ ነበር። በ1933 የካቲት ሩዝቬልት ገና ሥልጣን ሳይረከቡ ማያሚ ላይ ተተኮሰባቸው። እሳቸው ተረፉ፤ የቺካጎው ከንቲባ አንተን ሰርማክ ግን ቆስለው ሞቱ። ተኳሹ የያዘው ሽጉጥ ነበር። ሕጉ ከመፈረሙ አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ቦኒና ክላይድ የተባሉት ዘራፊዎች ከነመኪናቸው በጥይት ተደብድበው ተገድለዋል።

የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆመር ከሚንግስ ያቀረቡት ረቂቅ መትረየስን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ሽጉጥም ይመዝገብ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሽጉጥ ከተመዘገበ ወንበዴው ምን ያደርጋል? ረጅሙን ጠብመንጃ በመጋዝ ቆርጦ ካፖርቱ ሥር ይደብቀዋል። ስለዚህ ይህቺን ቀዳዳ ለመድፈን «አፈሙዙ ያጠረ ጠብመንጃም ይመዝገብ» ተባለ።

ከዚያስ? ስለ ሽጉጥ የሚለው አንቀጽ ተቃውሞ ገጠመው። በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ከተከራከሩት አንዱ የብሔራዊ ጠብመንጃ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ካርል ፍሬድሪክ ናቸው፤ በ1920 ኦሊምፒክ በሽጉጥ ተኩስ ወርቅ ያገኙ ሰው። በመጨረሻ ሽጉጥ ከረቂቁ ወጣ። ለሽጉጥ ሲባል የገባው የአጭር ጠብመንጃ አንቀጽ ግን እዚያው ቀረ። በሩን ነቅለው ወስደው መቀርቀሪያውን ትተውት ሄዱ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ የተማሪዬ ጎረቤት 10 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ከሱቅ ገዝቶ፣ በፌደራል መዝገብ ሳይመዘገብ ወገቡ ላይ ሊይዝ ይችላል። ተማሪዬ 39 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ያለው ጠብመንጃ ከያዘ ግን አሻራ ያስፈልገዋል። ይሄ ለምን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያለው 1934 ላይ ነው።

200 ዶላሩም የራሱ ታሪክ አለው። በዚያን ጊዜ አንድ ቶምሰን የሚሸጥበትን ዋጋ ያህል ነበር፤ በዛሬ ገንዘብ ከ4,500 ዶላር በላይ። ዓላማው ካዝና መሙላት አልነበረም፤ ሰው እንዳይገዛ ማድረግ ነው። ምክር ቤቱ መሣሪያ በቀጥታ ከመከልከል ይልቅ በግብር ሥልጣኑ በኩል መሄድን መረጠ። በ1937 ሶንዚንስኪ የተባለ የኢሊኖይ ነጋዴ «ይሄ ግብር ሳይሆን ክልከላ ነው» ብሎ ቢከራከር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግብር ነው ብሎ አጸናው። ከ1934 ጀምሮ ያቺ 200 ዶላር አንድም ቀን አልጨመረችም፤ ኑሮው ወደ ላይ ሲወጣ እሷ ባለችበት ቆየች። በ2026 ዜሮ ስትሆን «ግብሩ ከሌለ ሕጉ በምን ይቆማል?» የሚሉ ክሶች ፍርድ ቤት ቀርበዋል።

ቁጥሩም ራሱ ቋሚ አልነበረም። በመጀመሪያ ወሰኑ 18 ኢንች ነበር። ችግሩ ኤም ዋን ካርባይን የሚባለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሚሊዮኖች የተመረተው የመንግሥቱ የራሱ መሣሪያ፣ አፈሙዙ ከ18 ኢንች ትንሽ ማነሱ ነው። የኛ የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ ዘምተው በአሜሪካ መሣሪያ ሲዋጉ የነበረበት ዘመን መሣሪያ ነው። በ1960 የጠብመንጃ ወሰን ወደ 16 ዝቅ አለ፤ የሾትጋን ግን እዚያው 18 ላይ ቀረ። ከትንንሾቹ ባለ .22 በቀር፣ በ1959 አንድ ሰው ባልተመዘገበ ባለ 17 ኢንች ጠብመንጃ ሊታሰር ይችል ነበር። በ1961 በዚያው ጠብመንጃ ማንም አይጠይቀውም። ብረቱ ያው ብረት ነው።

ለፈተና የማይወጣ፣ ሰው ግን የሞተበት

«እንግዲህ ቁጥሩ እንዲህ የዘፈቀደ ከሆነ ቢጣስስ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ተማሪዬም ወደዚያው እያዘነበለ ነበር። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ፊቱን የሚያጠቁረው።

በ1938 ጃክ ሚለርና ፍራንክ ሌይተን የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ያልተመዘገበ አጭር ሾትጋን ይዘው ከኦክላሆማ ወደ አርካንሳስ ሲሻገሩ ተያዙ። ጉዳያቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመንግሥት በኩል ጠበቃ ቆመ፤ በነሱ በኩል ማንም አልቀረበም። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1939 ሕጉን አጸና። ሚለር ግን ውሳኔውን አልሰማም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር ተገድሎ ተገኝቷል። በዚያ አገር ስለ መሣሪያ መብት የተጻፈ ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚጠቅሰው ፍርድ፣ ባንድ ወገን ባዶ ወንበር እያለ የተሰጠ ነው።

ሁለተኛው የኔ ዕድሜ እኩዮች የምናስታውሰው ዘመን ነው። ራንዲ ዊቨር የተባለ በአይዳሆ ተራራ ላይ የሚኖር ሰው ሁለት ያጠሩ ሾትጋኖችን ለመንግሥት ሰላይ ሸጧል ተብሎ ተከሰሰ። የቀጠሮው ቀን በደብዳቤ ሲነገረው በስህተት ፌብሩዋሪ 20 በሚለው ፋንታ ማርች 20 ተባለ። አልቀረበም፤ ቤቱንም ዘግቶ ተቀመጠ። ነሐሴ 1992 ላይ ቤቱ ተከበበ። ሲያልቅ የ14 ዓመት ልጁ ሳሙኤል፣ ሚስቱ ቪኪ እና ዊልያም ዴገን የተባለ የፌደራል ፖሊስ ሞተዋል። በሚቀጥለው ዓመት ችሎቱ በሾትጋኖቹ ክስ ነፃ አለው፤ ቀጠሮ ባለመቅረቡ ግን ቀጣው። በ1995 መንግሥት ለቤተሰቡ 3.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ያ ሁሉ የተጀመረው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብረት ነበር።

እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት የተማሪዬን ትንሽ ልጅ ነው።

መዝገቡስ?

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። በ1968 መጀመሪያ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄይንስ የተባለ ሰው ጉዳይ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ሕጉ አንድን ሰው በሕገ ወጥ መንገድ የያዘውን መሣሪያ «ና አስመዝግብ» ሲለው «ና ራስህን ክሰስ» ማለቱ ነው፤ ማንም ደግሞ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም አለ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሕጉን አስተካከለው። ከምዝገባው የሚገኘው መረጃ ከማስመዝገቡ በፊት ወይም በዚያው ጊዜ በተፈጸመ ጥፋት አስመዝጋቢው ላይ ማስረጃ እንዳይሆን ተደነገገ። ከኖቬምበር 2 ጀምሮ ለ30 ቀን ምሕረት ታወጀ፤ ያልተመዘገበ ያለው ሁሉ ያለ ቅጣት እንዲያስመዘግብ ተፈቀደለት።

ከዚያ በኋላ ግን ቅደም ተከተሉ አንድ ብቻ ሆነ፦ መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ በመጨረሻ ማሳጠር። ቆርጦ ወይም ገጥሞ ከጨረሱ በኋላ «ይቅርታ፣ አሁን ላስመዝግብ» የሚባል መንገድ የለም። ተማሪዬ «ለሙከራ ብገጥመውስ» ሲል ይህንን አላወቀም።

ካርቶኑም ውስጥ ያለው ነገር ቀላል አይደለም። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የመሣሪያ ፋብሪካ በመንግሥት ላይ ባቀረበው ክርክር፣ ክፍሎቹ ሕጋዊ የሆነ ነገር መሥራት የሚችሉ ከሆነ አንድ ላይ መቀመጣቸው ብቻ ወንጀል አይደለም ብሏል። ሕገ ወጥ አጭር ጠብመንጃ ከመሥራት ሌላ ጥቅም የሌላቸው ከሆኑ ግን እንደተሠራ ሊቆጠር ይችላል። ሁለት ጠብመንጃና አንድ አጭር አፈሙዝ ያለው፣ ሽጉጥ የሌለው፣ ፈቃድም ያልጠየቀ ሰው የቱ ጋ እንደሚመደብ አስቡት። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ የመሣሪያ ጥፋት እስራት ብቻ አይደለም፤ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል።

መንግሥት ሐሳቡን ይቀያይራል የሚለው ፍርሃቱ ግን ባዶ አይደለም። በቅርቡ የሆነውን እዩ። በ2012 አካባቢ አንድ የቀድሞ ወታደር ለአካል ጉዳተኛ ጓደኛው ብሎ ትልቅ ሽጉጥን ክንድ ላይ የሚያስር መደገፊያ ሠራ። የመሣሪያ ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት፣ ኤቲኤፍ የሚሉት፣ ይፈቀዳል አለ። ሚሊዮኖች ገዙት፤ ብዙዎቹም ትከሻቸው ላይ እንደ ሰደፍ ተጠቀሙበት። በጃንዋሪ 2023 ያው መሥሪያ ቤት «አብዛኛዎቹ አጭር ጠብመንጃ ናቸው፤ እስከ ሜይ 31 ድረስ በነፃ አስመዝግቡ፣ ወይ ንቀሉ፣ ወይ አስረክቡ» አለ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ማመልከቻ ገባ። የቀረው አልሄደም። በ2024 ሰኔ ቴክሳስ ውስጥ ያለ የፌደራል ዳኛ ደንቡን ሻረው። የሮጠውም የተቀመጠውም ባንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ጊዜ ሕጉ ተገለበጠበት።

ስለዚህ «አታስብ፣ መንግሥት ቃሉን አያጥፍም» ልለው አልችልም። የአያቴ ልጅ ልጅ ነኝ።

ያልነገርኳችሁ ግማሽ

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልምጣ።

አያቴ ጎረቤት ነበረው። እሱም ምንሽር ነበረው። «እኔ ስሜን አልጽፍም» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በቆዳ ሸፍኖ ጓሮው ውስጥ ቀበረው። ሊወስዱ የመጡት ሰዎች ስሙን ዝርዝሩ ላይ ስላላገኙት አለፉት። በዚያን ቀን ብልጡ እሱ፣ ሞኙ አያቴ ነበር። ታሪኩን የማቆመው እዚህ ላይ ነበር፤ ስለ ጎረቤቱ ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ጎረቤቱ ከዚያ ቀን በኋላ ያንን መሣሪያ ፀሐይ አላሳየውም። ማሳውን ጅብና ከርከሮ ሲገባበት አልተኮሰበትም። ወንድሙ ሲሞት ለክብሩ አንድ ጥይት እንኳ ማሰማት አልቻለም፤ ሰው ሁሉ ሲተኩስ እሱ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ልጆቹን «ለማንም አትናገሩ» እያለ ነው ያሳደጋቸው። ሊሞት ሲል ለትልቁ ልጁ ቦታውን ነገረው። ልጁ ሌሊት ቆፍሮ ሲያወጣው እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ፋኖስ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰደፉን ምስጥ በልቶታል። መዝጊያው ዝጎ ከአፈሙዙ ጋር አንድ ሆኗል። ልጁ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሶ አፈር መለሰበት።

ለምን አልነገርኳችሁም? ታሪኬን ስለሚያበላሽብኝ ይመስለኛል። አንዱ መዝግቦ ተወሰደበት፣ አንዱ ደብቆ በላው። ይሄ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ትምህርት አይሆንም፤ ክፍሉንም ጸጥ አያሰኝም።

ሌላም ያላልኩት አለ። የአያቴ ወረቀት ዛሬም ድረስ እኔ ዘንድ ናት። ቁጥሩ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ማኅተሙ አለ። አያቴ እስኪሞት ድረስ በየመሥሪያ ቤቱ ይዟት ሄዷል፤ «ይሄ የኔ ነው፣ የወሰዳችሁትም እናንተ ናችሁ» እያለ። አልመለሱለትም። ግን ማንም ሰው «ሌባ ነህ፣ ሽፍታ ነህ» ብሎት አያውቅም። ጎረቤቱ ይህን ማለት አይችልም ነበር።

ዛሬ እኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) መሣሪያ ያለው ፈቃድ ያውጣ ይላል። በየገጠሩ ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ዳላስ ያለው ልጅና ደጋ ያለው ገበሬ ባንድ ፍርሃት ተይዘዋል።

ለልጁ ምን አልኩት?

በማግስቱ ደወልኩለት። አራት ነገር ነው ያልኩት።

አንደኛ፦ ያንን ካርቶን ዛሬውኑ ከቤትህ አውጣ። ወደ ገዛህበት መልስ፣ ወይ ሽጥ። ፈቃዱ ሲመጣ ሌላ ትገዛለህ፤ ቅናሽ ደግሞ ይመጣል።

ሁለተኛ፦ ሁለቱን አንድ ላይ አትወስን። ሁለት ጠብመንጃ ሁለት ጥያቄ ነው። ሥራህ ክፍለ ግዛት ማቋረጥ ነው። የተመዘገበ አጭር ጠብመንጃ ከክፍለ ግዛትህ ለማውጣት አስቀድመህ ኤቲኤፍን ማስፈቀድ አለብህ። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲን የመሰሉ ደግሞ ለተራ ሰው ጭራሽ አይፈቅዱም። ስለዚህ ከቴክሳስ ውጭ አንድ ቀን ይዤው ልወጣ እችላለሁ የምትለውን አትንካው፤ በ16 ኢንቹ ይቆይ። በአሳማ አደን ብቻ የምትጠቀምበት ካለ እሱን አስብበት።

ሦስተኛ፦ ስታስመዘግብ የምትሰጠውን ነገር በደንብ እወቅ። ፎቶህን፣ አሻራህን ትሰጣለህ። ስምህና ከተማህ ብረቱ ላይ ይቀረጻል። በስምህ ብቻ ካስመዘገብከው አንተ በሌለህበት ሚስትህ እጅ መግባት የለበትም፤ ለዚህ ሰዎች ትረስት የሚሉትን ያቋቁማሉ፣ እሱን ጠበቃ ይንገርህ። በሌላ በኩል ደግሞ ያ መዝገብ በግብር ሕግ ሥር ስለሆነ እንደ ግብር ወረቀት ምስጢርነቱ ይጠበቃል። አንተ ብትሞት ልጅህ አድጋ በፎርም፣ ያለ ክፍያ፣ በስሟ ልትወርሰው ትችላለች። በሌሊት በፋኖስ አትቆፍረውም።

አራተኛ፦ ዜግነት ልታመለክት ነውና ከማንኛውም ፊርማ በፊት እዚያው አገር ያለ ጠበቃ ጠይቅ። የአስተማሪ ምክር ችሎት ፊት አይቆምም።

ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና «ቲቸር፣ እርስዎ በኔ ቦታ ቢሆኑ ያስመዘግባሉ?» አለኝ።

ይሄ ነው የከበደኝ። እውነቱን ነገርኩት። «ባላሳጥረው እመርጣለሁ፤ ረጅም ጠብመንጃ ቅርንጫፍ ቢይዘው ቅርንጫፉን ገለል አደርጋለሁ። ማሳጠሬ የግድ ከሆነ ግን አስመዘግባለሁ። እየፈራሁም ቢሆን አስመዘግባለሁ።»

«አያትዎን የወሰዱባቸውን እያወቁ?»

«አዎ። አያቴ ተበድሏል። በዳዩ ግን ወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሰው ነው። ወረቀቱማ ለሱ ብቻ ነው የመሰከረለት።»

ትናንት መልእክት ላከልኝ። አፈሙዙን በኪሳራ መልሶታል። ጠበቃ አነጋግሯል። አንዱን ጠብመንጃ እንዳለ ሊተወው፣ አንዱን ደግሞ የዜግነት ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ሊያስመዘግበው ወስኗል። እስከዚያው ቅርንጫፉን ገለል ያደርጋል። ልጄን አሳድጎ የዳረኝን ያህል ነው ደስ ያለኝ።

በኔ ክፍል አልፋችሁ ያንን ግማሽ ታሪክ ሰምታችሁ ለሄዳችሁ ሁሉ፦ ግማሹ ይኸውላችሁ፤ አሁን ሙሉ ነው። በዚያ ታሪክ ምክንያት የተዋችሁት ምዝገባ፣ ያላወጣችሁት ፈቃድ፣ የቀበራችሁት ነገር ካለ እንደገና አስቡበት። ከአያቴ ወይም ከጎረቤቱ ጋር የሚመሳሰል ነገር በቤተሰባችሁ ያለ ካላችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፤ የዘንድሮዎቹን ተማሪዎች ሳስተምር ሁለቱንም ወገን ይዤ እገባለሁ።

ፈተናውን አርሜ አልጨረስኩም። ነገ ውጤት የምትጠብቁ የዘጠነኛ «ሐ» ልጆች፣ አንድ ቀን ጨምሩልኝ።

ሰላም እደሩ።